ከሳጥኑ ውስጥ እንዳየሁት የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ጣቢያ

ሰሞኑን ቦንጋ ውስጥ ካሜራ የተሸከሙ ልጆች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አያለሁ። የዜና ሰዎች ናቸው አሉኝ። ደግ። በዚህ ከተማ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ማን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ "እኔ ነኝ" ልለው ተዘጋጅቼ በረንዳዬ ላይ ከተቀመጥኩ ቆየሁ። የሚጠይቅ አልመጣም። እንግዲህ ሳልጠየቅ ልጽፈው ነው።

የጣቢያችን ታሪክ አጭር ነው። በደርግ ጊዜ ተከፈተ፤ በደርግ ጊዜ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ሁለት ነበርን፤ እኔ ዜና አነባለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ከዜናው በፊት ክራር ይመታል። የቀረው ንብረት አንድ ሳጥን ነው።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ የሚቀመጠው ከመሐል አገር መጥተው ቦንጋ የከረሙ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። አብዮቱ ሲመጣ እኚህ ሰው ሀብታም እንዳይባሉ ፈርተው ፈጥነው ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ተወዳደሩና አለፉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጨርቅ ይለካሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሕዝብ ይሰበስባሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈሪ ነበሩ። ፈሪ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ግን ከክፉው ለመለየት ትንሽ ያስቸግራል።

ቴሌቪዥኑ የመጣው ከበላይ አካል ነው። ያኔ ከጭቃ በስተቀር ሁሉም ነገር የሚመጣው ከበላይ አካል ነበር። "ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰብስቦ ዜና ይከታተል" ተብሎ ከጅማ በጭነት መኪና፣ ከጨው ጆንያ በላይ ታስሮ ተላከ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ፣ እኔና ወንድሜ ሆነን ማሸጊያውን ስንከፍት የፊት መስተዋቱ ረግፎ ከሥር ተከምሯል።

ሊቀመንበሩ ቆመው ቆመው አዩትና፣ "ማንም አላየም" አሉ።

"እኛ አይተናል፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ ወንድሜ።

"እናንተ ማንም ናችሁ" አሉት።

የመንግሥት ንብረት ተሰበረ ብሎ ወደ ላይ መጻፍ፣ ማን ሰበረው የሚል ጥያቄ ወደ ታች መጥራት ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው በጠለፉት ጨርቅ ሸፍነው አዳራሹ መድረክ ላይ አስቀመጡት። ሰው ሲጠይቃቸው "ሞገዱ ገና የጎጀብን ወንዝ አልተሻገረም" ይላሉ። ሰውም አመነ። ስኳሩም ሳሙናውም ጎጀብ ማዶ ቆሟል ሲባል የኖረ ሕዝብ፣ ሞገድ እዚያው ቀረ ቢባል ምን ይገርመዋል።

እንዲህ ሆኖ ሲኖር አንድ በዓል ደረሰና የቀበሌው ኪነት ቡድን ትርኢት ያቅርብ ተባለ። ወንድሜ የኪነቱ ክራር መቺ ነው። ጨርቁን ገልጦ ሳጥኑን ዞረው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ያንተ ፊት ልክ ይገባበታል" አለኝ።

"ያንተስ ለምን አይገባም?"

"የኔን ፊት ሰው እንዲሁም ያየዋል። ያንተን ሳጥን ካልተደረገበት ማን ያየዋል?"

የሳጥኑን ሆድ ዕቃ አወጣነው፤ የኋላውን ክዳን ፈታነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነውና እስከ መሬት ጨርቅ አለበስነው። እኔ ከበስተኋላ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ውስጡ አይጥ አይጥ ይሸታል። ወንድሜ ክራሩን መታ፤ መጋረጃው ተከፈተ፤ እኔም "እንደምን ዋላችሁ፣ ዜና እናሰማለን" አልኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ዝግ ብዬ ነው የማነበው። በመጀመሪያ ከበላይ የመጣውን አነበብኩ፤ ምርት ጨመረ፣ ጠላት ደነገጠ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልሰማም። ቀጥዬ የራሳችንን አነበብኩ። ጉሬዛ መስላቸው ሲመለከቱ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዛፉ ላይ ያለው ማር ቆራጭ መሆኑን ዘግይተው ማወቃቸውን፤ የአንዱ በቅሎ ጠፍታ የሌላው ጓሮ መገኘቷን፣ ሁለቱም በቅሎዋ የኔ ናት ማለታቸውን፤ ወደ ሕብረት ሱቅ ስኳር ይገባል ተብሎ አለመግባቱን። አዳራሹ ፈረሰ። ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ተቆጡ። "በመንግሥት ንብረት ታላግጣላችሁ?" አሉን። በሚቀጥለው እሑድ ግን ስብሰባ ሲጠሩ፣ ዱሮ በጥበቃ እየተጎተተ የሚመጣው ሰው ሳይጠራ መጥቶ ወንበር ይሻማል። "ቴሌቪዥን አለ ወይ?" ይላል ሁሉም። እሳቸውም ነገሩ ገባቸው። ስብሰባ ሲያልቅ ዜና እንዲኖር ፈቀዱ። ጣቢያው እንደዚህ ተከፈተ።

ከፊት ወንበር የማይቀሩ አንዲት ጠጅ ቤት ያላቸው እትዬ ነበሩ። የከተማው ሰው ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው፤ ሊቀመንበሩም ሳይቀሩ። ዜናውን እየሰማሁ ዝም ልበል አይሉም።

"ልጄ፣ ሳሙናውስ መቼ ነው?" ይሉኛል ከመሐል።

"አልታወቀም፣ እትዬ" እላለሁ።

"ታዲያ ምኑን ዜና ሆነ?"

የአዲስ አበባው ቴሌቪዥን ሲጠይቁት አይመልስም ይባላል። የኛ ይመልስ ነበር። በአማርኛ የተጠየቀውን በአማርኛ፣ በካፊኖኖ የተጠየቀውን በካፊኖኖ። ብቻ ሲሰደብ መልስ አይሰጥም፤ ይህን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

እንግዲህ ወደ መዘጋቱ ልምጣ።

አንድ እሑድ ነው። ዝናብ ሲጥል ያረፈደበት ቀን። አዳራሹ ከወትሮው የበለጠ ሞልቷል፤ ጎረምሳው ሁሉ አለ። ሊቀመንበሩ "ዛሬ ትልቅ ዜና አለ፣ ወጣቱ እንዳይቀር" ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስነግሩ ከርመዋል። ምን ዜና እንደሆነ ለእኔ ለአንባቢው እንኳ አልነገሩኝም። ወንድሜ ክራሩን መታ፤ እኔ ሳጥኔ ውስጥ ገባሁ፤ ዜና ጀመርኩ።

ጥቂት እንዳነበብኩ ሊቀመንበሩ ከበስተኋላዬ መጥተው አጎነበሱና አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ። ሳጥኑ ወለል ያለ ስለሆነ ሕዝቡ የእኔንም የእሳቸውንም ፊት ያያል።

"ኦራሉ የሺሺንዳን ልጆች ጭኖ ጨርሶ ወደኛ እየመጣ ነው" አሉኝ። "ለብሔራዊ ውትድርና ነው። በሩ ተይዟል። እስኪደርስ ዜናውን አርዝመው።"

ኦራል የወታደር መኪና ነው፤ ምን ጭኖ እንደሚሄድ ሕፃንም ያውቃል። በሳጥኑ መስኮት አሻግሬ ሳይ አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው በሩን ደግፈውታል።

"ወንድሜስ?" አልኩ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

"አንተ አትሄድም። አንተ ዜና አንባቢ ነህ።"

"ወንድሜስ፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

"ኮታው ካልሞላ የሚጭኑት እኔን ነው" አሉ። "አንብብ።" ሄደው ጥግ ቆሙ።

አነበብኩ። ወትሮም ዝግ ብዬ የማነብ ሰው፣ ያን ቀን እያንዳንዷን ፊደል እንደ ቁልፍ አንድ በአንድ ሰፋኋት። አእምሮዬ ግን ሌላ ቦታ ነው። በካፊኖኖ ልንገራቸው ብል በሩን የያዙት ጥበቃዎች ቋንቋው የእናታቸው ነው። ጮኼ "ሩጡ" ብል በየት ይሮጣሉ። ወንድሜ ከመድረኩ ሥር ክራሩን ታቅፎ የጎን የጎን እያየኝ ይስቃል፤ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው ይላል በሆዱ። ወረቀቱ ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

"ይሄን አሁን ነገርከን እኮ፣ ልጄ" አሉ እትዬ።

"ደግሞ ቢሰማ የማይጎዳ ዜና ነው፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሳጥኑ ቀረቡ። "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ሊቀመንበሩ ምን አሉህ? ሰው ሞተ?"

ሊቀመንበሩ በጆሮዬ ሲያንሾካሹኩ ያላየ የለም። እኔ ብልህ ሰው አይደለሁም፤ ነገሩን አስቤ አላመጣሁትም። እትዬ ናቸው በአፌ ያስገቡት።

"አባቴን" አልኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

አባታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በሺሺንዳ መንገድ ላይ የሚኖሩ፣ ንብ የሚያረቡ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ጠዋትም ደህና ነበሩ፤ ቁርሴን አብሬያቸው ነው የበላሁት። አዳራሹ ግን አንድ ላይ ተነሣ። ሴቶቹ እሪ አሉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፉ።

እትዬ ወደ እኔ አልመጡም። ወደ ሊቀመንበሩ ነው የሄዱት።

"መርዶ እንዲህ ይነገራል፣ ጋሼ? በአደባባይ፣ ሰውየው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ሳለ? ሽማግሌ ጠፍቶ ነው? ማለዳ ቤቱ ተሂዶ፣ ውኃ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ አይደል የሚረዳው?"

"እኔ... እኔ እንደዚያ አላልኩም" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ታዲያ በጆሮው ምን አሉት?"

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ። በሩን የያዙትን ጥበቃዎች አዩ፤ ጎረምሶቹን አዩ፤ እትዬን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ያሉትን ቢናገሩ ኖሮ እዚያው እናቶች ይቦጫጭቋቸው ነበር። በዚያ ላይ የዕድራችን ዳኛ እሳቸው ናቸው። ለቅሶ ሲሰማ ፈጥኖ ያልተነሣን ሰው በሸንጎ የሚገሥጹ እሳቸው። ቆባቸውን አውልቀው "ነፍስ ይማር" ከማለት ሌላ ምን ይበሉ።

በሩ ተከፈተ። ጥበቃዎቹ ራሳቸው ናቸው የከፈቱት፤ ከመካከላቸው አንዱ አባቴ ማር እየሰጡ ያሳደጉት ነው፣ ጠመንጃውን ጥሎ ያነባ ነበር።

እኔ ስነሣ ሳጥኑ አንገቴ ላይ ቀርቶ አብሮኝ ተነሣ። ወንድሜ እያለቀሰ መጥቶ ጎትቶ አወጣልኝና አንገቴ ላይ ወደቀ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። በጆሮው አንሾካሾክሁ።

"አባባ ደህና ናቸው። ለአፈሳ መኪና እየመጣ ነው። ወደ ጫካ። ለጓደኞችህ ንገር።"

መንቀጥቀጡ ቆመ። ጥርሱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ነከሰኝ። "ቆይ፣ በኋላ እገድልሃለሁ" አለኝ፤ ከዚያም ከቅድሙ በባሰ ድምፅ "ወየው አባባ" ብሎ ጮኸ።

ለቀስተኛ እንዴት እንደሚተቃቀፍ ታውቃላችሁ። አንገት ለአንገት፣ አፍ ለጆሮ። ወንድሜ አንዱን ጎረምሳ አቅፎ አለቀሰ፤ ያ ሌላውን አቀፈ፤ ያኛው ሌላውን። ከዚያች ሳጥን ያን ያህል የፈጠነ ዜና ተላልፎ አያውቅም፤ አንድም ሰው ድገመው አላለም። ከአዳራሹ ወጥተን የሺሺንዳን መንገድ ስንይዝ ወጣቱ ሁሉ ከፊት ከፊታችን "አባባ፣ አባባ" እያለ ይሮጥ ነበር። መንገዱ ወደ ቡና ጫካው ሲታጠፍ ልቅሷቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ።

"ልጆቹ የት ሄዱ?" አሉ ሊቀመንበሩ እያለከለኩ።

"በአቋራጭ ነው፣ ጋሼ" አሏቸው እትዬ። መቼ ማን በጆሯቸው እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። "ሐዘን ሲጠና እግር ይፈጥናል።"

ትንሽ እንደሄድን ኦራሉ መጣ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እየጮኸ። እኛ ሽማግሌዎችና ሴቶች ብቻ ቀርተናል። ሹፌሩ ለቀስተኛ ሲያይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ከላይ የሺሺንዳ ልጆች ቆመዋል፤ የሱቅ ልጅ የሚመስል፣ የገበሬ ልጅ የሚመስል፣ ገና ከገበያ የተያዘ፣ እጁ ላይ ያልሸጠው ዶሮ ያለ። ለቅሷችንን ሲያዩ ቆብ ያለው ቆቡን አወለቀ።

"ማን ነው የሞተው?" ብሎ አንዱ ከላይ ጠየቀ።

እኔ ወደ መሬት አየሁ። ወታደሩ ሊቀመንበሩን በምልክት "የት ናቸው?" አላቸው፤ እሳቸውም በምልክት ወደ ከተማው ጠቆሙት። ኦራሉ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ ሄደ። እዚያ የጠበቀው ባዶ አዳራሽና መሬት ላይ የወደቀ ሳጥን ነው።

ሊቀመንበሩ ከዚያ መመለስ ይችሉ ነበር። አልተመለሱም። ባዶ አዳራሽ ሄዶ ከወታደር ጋር ከመተያየት ከሟች ቤት መዋል ሳይሻላቸው አልቀረም።

አባቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አዲስ ቀፎ ይሠሩ ነበር። ልቅሶ ከመንገዱ ሲሰሙ እንደ ማንኛውም ሰው ነው ያደረጉት። ቀፎውን ጥለው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ "ወየው፣ ወየው" እያሉ ወደ እኛ ሮጡ። በካፋ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሆነ በኋላ ይጠየቃል። ከፊት የመጡትን ሊቀመንበሩን አንገታቸውን አቅፈው ተንሰቀሰቁ። ሊቀመንበሩ በቁማቸው ደረቁ።

"ማን ነው፣ ልጄ? የማን ቤት ተዘጋ?" አሉ አባቴ እንባቸውን እየጠረጉ።

"እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አሉ ሊቀመንበሩ።

አባቴ ልቅሷቸውን አላቋረጡም። ትንሽ እያለቀሱ ካሰቡ በኋላ፣ "መቼ?" ብለው ጠየቁ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛዋ። መንገዱ ላይ የነበረ ለቀስተኛ ሁሉ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። አባቴም ሁሉም ሲስቅ አይተው ሳቁ። ሊቀመንበሩ ብቻ አልሳቁም። እኔን አዩኝ፤ ነገሩ አንድ በአንድ ሲገባቸው ከፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ ፊት ማንበብ ከወረቀት ይቀላል። "አንተ፣ አሳሪህ ነኝ" አሉ ዝግ ብለው።

ታሠርኩ። ችግራቸው ክሱ ነበር። አፈሳ አሰናክሏል ብለው ቢከሱኝ በሩን ያስከፈተ፣ ለቅሶውን የመራ ማን ነው ሊባል ነው። ስለዚህ "በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ በሐሰት ማወጅ" የሚል አገኙ። ለዚህ ደግሞ ተበዳይ ያስፈልጋል። አባቴን ጠሩ።

"ልጅዎ ሞቱ ብሎ አውጇል። ይከሳሉ?" አሏቸው።

"መልካም ስም ነው የሰጠኝ" አሉ አባቴ። "ስሞት ስንት ሰው እንደሚመጣ አየሁ። አንዳንዱ ያልጠበቅሁት ነው። አንዳንዱ የጠበቅሁት ቀርቷል፣ እሱንም አውቄዋለሁ።"

ኦራሉ በማግስቱ ጠዋት ኮታው ጎድሎት ሄደ። የጎደለውን ከሌላ ቦታ ሞሉት ሲባል ሰማሁ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ጣቢያችን ተዘግቷል፣ ዜና የማጣራት ግዴታ የለብኝም አልኩ በልቤ። ቀልድ ነው። ያቺ ዶሮ የያዘች እጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋችም።

አባቴ ምግብ እያመጡልኝ በቀበሌው እስር ቤት በር ይቀመጣሉ። ዘበኛው "ማን ልበል?" ሲላቸው "ሟቹ በለው" ይሉታል። አንድ ቀን ቆጮውን አቀብለውኝ ወደ ፍርግርጉ ጠጋ አሉ።

"ልጁ ከማር ቆራጮች ጋር ነው" አሉኝ። "ጨው ላኩልኝ ብሏል።"

"ሌላስ?"

"ክራሬን ዝናብ እንዳይነካው ብሏል። አንተን ግን ሲወጣ እንደሚገድልህ ለሁለተኛ ጊዜ አረጋግጧል።"

እኔ ቶሎ ተፈታሁ፤ ሊቀመንበሩ ልብስ የሚሰፋላቸው ሰው አጡ። ሳጥኑን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ወንድሜ ጫካ ውስጥ ቆየ፤ ገባ ወጣ ሲል፣ ሲደበቅ፣ ደርግ ወደቀ፤ አልተያዘም። አልገደለኝምም። ነገር ግን ያቺን ቅጽበት፣ "አባቴን" ካልኩበት እስከ ጆሮው ድረስ ያለችውን፣ ይቅር አላለኝም። "ካንተ በላይ እኔ ነኝ እውነት ያለቀስኩት" ይለኛል።

አባባ በእውነት ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በሕመም፣ በአልጋቸው። ሽማግሌዎች በማለዳ ይዤ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ፤ እትዬ እንዳሉት፣ ውኃ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ። ወንድሜ ነገሩ ገባውና አልጮኸም። መጥቶ አንገቴን አቀፈና ጆሮውን አፌ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚጠብቅ አላወቁም። እኔ አወቅሁ። አጥብቄ ያዝኩት እንጂ በጆሮው የምለው አልነበረኝም።